የክብር እንግዳው ጥድ

እስከ ሃያ ስምንት ዓመቴ ድረስ ለንስሐ አባቴ ያልተናዘዝኩት አንድ ኃጢአት ነበረኝ። ጥድ ገድያለሁ። ሰው የገደለ እጁን ይሰጣል ወይም ጫካ ይገባል፤ ጥድ የገደለ ግን የሚስቅበት እንጂ የሚከስሰው አያገኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ዛፉ አልነበረም። በዚያ ዛፍ ምክንያት አባቴ ከሚወደው አገሩ ተለይቶ፣ በጋምቤላ ሙቀት ላቡን ሲጠርግ ዕድሜው አለቀ ብዬ ማመኔ ነበር። ይህን ጉድ ሆዴ ውስጥ ይዤ ሃያ ዓመት ኖርኩ።

አባቴ ሩፋኤል የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ሙያው የጥላና የጌጥ ዛፎችን፣ አበቦችንና ቁጥቋጦዎችን ማልማት ነው። እናቴ አይናለም ነርስ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ጋምቤላ የመጣነው እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሲሆን፣ ዘመድ ጎረቤቱ «ምን አጥፍቶ ነው እዚያ የጣሉት?» እያለ ሲያዝንልን ትዝ ይለኛል። አባቴ አጥፍቻለሁም አላለ፣ አላጠፋሁምም አላለ። ዕቃችንን ጭነን ወረድን።

ከደብረ ብርሃን የማስታውሰው አንድ ጨለም ያለ ክፍል ነው። ጋቢ ተከናንቤ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ። እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልታ በእንፋሎቱ ታጥነኛለች፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል። «አትሩጪ! አትውጪ! አፍሽን ሸፍኚ!» ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ በደጋ አገር ለልጅ መሮጥ ክልክል ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌሎቹ ልጆች ከመስኮቱ ማዶ ሲራወጡ አያለሁ፤ ግን እነሱ ሕግ የጣሱ ባለጌዎች መሰሉኝ።

ጋምቤላ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። በመጣን በሁለተኛው ሳምንት ከቤታችን እስከ ባሮ ዳር ሮጥኩና እየሮጥኩ ተመለስኩ። የከሰሰኝ የለም። እናቴ በር ላይ ቆማ ስመጣ ዐየችኝና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያፈረችብኝ መሰለኝ፤ እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ወደ ጓሮ ሾለክሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ኛሙት የምትባል የክፍሌ ልጅ ከማንጎ ሥር ማንጎ ሥር ስንሮጥ ነው የኖርነው። የኛሙት አያት፣ እማማ ኛጉዋ፣ የአባቴ መሥሪያ ቤት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውሃ ያጠጡ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ስም ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ስለተቀየረ የትኛውን እንደምጠራ አላውቅም፤ ልተወው። ሥራው ከተማውን ማስዋብ ነበር። ኃላፊው አቶ ወልደሥላሴ ይባላሉ። በአርባ ዲግሪ ሙቀት ከረባት የሚያስሩ ብቸኛው ሰው ነበሩ፤ ይህንንም የአመራር ብቃት ይሉት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከላይ አንድ ትልቅ እንግዳ መጡ። ትምህርት ቤታችን በሙሉ ተሰልፎ ተቀበላቸው። እንግዳው ከመኪናቸው ጀርባ በፕላስቲክ የተተከለች የአንድ ክንድ ጥድ አስወረዱ። እያንዳንዱ ክልል ላይ አንድ ጥድ መትከል ልማዳቸው ነበር አሉ፤ የተወለዱበት ደብር ግቢ በጥድ የተከበበ ነው። የአካፋው እጀታ በሪባን ተጠቅልሎ ቀረበላቸው። አፈሩን ሦስት ጊዜ ጨለፉና ላባቸውን ጠርገው ንግግር አደረጉ። «ጥድ የደጋ ነው ያለው ማነው? ይህ የቆየ አስተሳሰብ ነው። እዚህ አብቅለን እናሳያለን!» አሉ። አጨበጨብን፤ እኔና ኛሙት እጃችን እስኪቀላ።

አባቴ ከኃላፊው ጎን ቆሞ ነበር። ከፊት ረድፍ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ።

«አቶ ወልደሥላሴ፣ ይሄ ዛፍ እኮ ብርድ ካላገኘ አይጸድቅም። እኛ ያለነው አምስት መቶ ሜትር ላይ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በታች…»

«ሩፋኤል፣ ይሄ የአመለካከት ችግር ነው።»

«የማን? የጥዱ?»

«የባለሙያው!»

በማግስቱ ጥዱ አጥር ታጠረለት። የሣር ዳስ ተጣለለት። የእብነ በረድ ሰሌዳ ቆመለት። ጩዎል የሚባል ዘበኛ ተቀጠረለት። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ውሃ የሚመጣለት በሳምንት አንዴ ነው፤ ጥዱ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣ ነበር። ደመወዝ ቢቀረው እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያገኘውን ሁሉ አግኝቷል።

አሁን ስለ ዝውውር ልንገራችሁ። በአባቴ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ሁለት ዓመት ቆላ የሠራ ባለሙያ ወደ ደጋ ይወጣል። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ በዚህች ደንብ ይኖር ነበር፤ ቀኑን በግድግዳ ካሌንደር ላይ እየሰረዘ፣ ልክ እንደ እስረኛ። ጥዱ በተተከለ በሦስተኛው ሳምንት የአባቴ ደብዳቤ መጣ። ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሯል። የሥራ ባልደረቦቹ ቤታችን መጥተው «እንኳን ደስ ያለህ! ከዚህ ምድጃ ወጣህ!» አሉት። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የደስታ ዕንባ መሰለኝ፤ እኔ ግን የምሬን አለቀስኩ። ኛሙትን ትቼ፣ ባሮን ትቼ፣ ሩጫ ክልክል ወደሆነበት አገር ልመለስ ነው።

አባቴ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደ። ምን እንዳላቸው አላውቅም ነበር፤ ቀትር ላይ ግን ሌላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ተሸንፎ ይተኛል። እኔ አጎበር ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አባቴ ለእናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት። «የክብር እንግዳው ጥድ ያለ ባለሙያ ክትትል ቢደርቅ ተጠያቂነትን ስለሚያስከትል፣ ጥዱ እስኪጠና ድረስ አቶ ሩፋኤል ከቦታው እንዳይነቃነቁ።»

«ከጠናስ?» አለች እናቴ።

«ከጠናማ ምን ቀረን? ጓዛችንን ጠቅልለን መሄድ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

ያን ሳቅ እኔ በራሴ መዝገበ ቃላት ተረጎምኩት። አባቴና እናቴ ጥዱ አድጎ ወደ ደጋ የሚሄዱበትን ቀን ይናፍቃሉ፤ ጥዱ ካደገ እኔ አለቀልኝ። ስለዚህ ያ ዛፍ ጠላቴ ሆነ።

ማስረጃዬ ደግሞ ብዙ ነበር። አባቴ ሰው ፊት ሁልጊዜ «ይሄ ጥድ አሰረኝ!» እያለ ያማርራል። «ብርዱ ናፈቀኝ። ጠዋት ከአፍ የሚወጣው ጭስ ናፈቀኝ። የገብስ ማሳው ናፈቀኝ» ይላል። እንግዶቻችን ከንፈራቸውን ይመጡለታል። በሌሊቱ ማለቂያ፣ የጋምቤላ አየር ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሹራብ ለብሶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ስትወጣ አውልቆ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ልክ እንደ ክት ልብስ።

በየወሩ ደግሞ ወደ ጎሬ ይወጣ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ የሚናገረው «የአፈር ናሙና ላመጣ» ብሎ ነው። እኔ ግን ብርድ ሊጠጣ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሁለት ቀን አድሮ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዞ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ጥዱ ሁልጊዜ ይታደሳል። ወደ ግራ አዘንብሎ የነበረው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ቢጫ የነበረው ጫፉ አረንጓዴ ይሆናል። ዛፉም አባቴን ናፍቆት ነበር ማለት ነው ብዬ ይበልጥ ጠላሁት። ዛሬ ሳስበው ዘበኛው ጩዎል ሁሉንም ያውቅ ነበር። ጩዎል ግን ያየውን የማይናገር ሰው ነው፤ ጥሩ ዘበኛ የሆነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በወር በወሩ ለላይ የሚጻፈው ሪፖርት «ጥዱ በመላመድ ላይ ይገኛል» ይል ነበር። አቶ ወልደሥላሴ አንድ ቀን ዛፉ ፊት ቆመው «በቀን ሁለቴ ውሃ ይጠጣል፤ አንድ ጣት አያድግም። ይሄ ኪራይ ሰብሳቢ ጥድ ነው!» ሲሉ ሰምቼ ልቤ በደስታ ዘለለ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የክረምቱ ማብቂያ ላይ ከላይ ገምጋሚ ቡድን ይመጣል ተባለ። ጥዱ ጠንቷል ወይስ አልጠናም፣ እሱ ይወስናል።

ያኔ ነው ጨው ትዝ ያለኝ። እናቴ ሁልጊዜ «የጨው ውሃ አበባ ላይ አትድፊ፣ ያደርቀዋል» ትለኛለች። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ከጓዳ በኩባያ ጨው እየቀዳሁ ቀትር ላይ ከተማው ሲተኛ ወደ ጥዱ መሄድ ጀመርኩ። ጩዎል ዳሱ ሥር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቼ ጨውን ሥሩ ላይ እበትናለሁ፤ በውሃ አርሼ አፈር እመልስበታለሁ። አምስት ቀን ተመላለስኩ። እናቴ «ይሄን ጨው ማን ነው የሚበላው?» እያለች ስትደነቅ እኔ ሳህኔ ላይ አጎንብሼ እበላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥዱ ቡናማ ሆነ። ቅጠሉ ሲነካ ይረግፋል። አባቴ ተንበርክኮ አፈሩን ሲቧጥጥ ዐየሁት። ነጭ ነገር አገኘ፣ በጣቱ ጫፍ ቀመሰው፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አገሩን ያሳጣሁት ያኔ መሰለኝ። ቤት ገብቼ የጨዉን ኩባያ አጥቤ ቦታው መለስኩ። ስምንት ዓመት የሞላው ሰው የራሱን ጥቅም ያውቃል።

ገምጋሚዎቹ ሊደርሱ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ወደ ጎሬ የሚወስደው መንገድ በናዳ ተዘግቷል። አቶ ወልደሥላሴ ከረባታቸውን ፈትተው፣ አስረው፣ እንደገና ፈቱት።

«ቡናማው የመላመድ ቀለም ነው ብንልስ?» አሉ።

«ሲነኩት ይረግፋል» አለ አባቴ።

«እንዳይነኩት አጥሩን ከፍ እናድርገዋ!»

እማማ ኛጉዋ በእጃቸው ውሃ ማጠጫ እንደያዙ ይሰሙ ነበር። ረጅም ናቸው፤ ሲያወሩ ጎንበስ ብለው ነው። «ሩፋኤል፣ ና» አሉት አባቴን። ወደ ችግኝ ጣቢያው ወስደው አንድ ሸውሸዌ አሳዩት። ሸውሸዌ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ነፋስ ሲነካው ሽው የሚል፣ ሙቀት የማይፈራ ዛፍ ነው። እኔና ኛሙት ተከትለናቸው ነበር።

«እማማ ኛጉዋ፣ ይሄ እኮ ጥድ አይደለም» አለ አባቴ።

«እኔ ያውቃል። አንተም ያውቃል። እነሱ ግን መኪና ውስጥ ነው የሚያየው።»

«ቢወርዱስ?»

«ከወረደ ሙቀት አለ። ቶሎ ይመለሳል።»

አባቴ ብዙ አሰበ። የሙያ ሰው ነውና ሸውሸዌን ጥድ ብሎ መጥራት አነቀው። በመጨረሻ አካፋውን አነሣ። አሮጌውን ነቅለው፣ አፈሩን እስከ ጉልበት ቆፍረው አውጥተው፣ አዲሱን ተከሉ። እኔ ማዶ ቆሜ ኛሙትን በክርኔ ጎሸምኳት። ኛሙት ምንም ስላልነገርኳት ምንም አልገባትም፤ ግን መልሳ ጎሸመችኝ።

ገምጋሚዎቹ መጡ፤ ከመኪናም ወረዱ። የቡድኑ መሪ ከጎጃም ደጋ የመጡ፣ ሸበቶ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ዛፉ ዘንድ ደርሰው ቅጠሉን በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዕንባቸው ወረደ።

«ይሄ ነው ጥድ!» አሉ። «የደብራችን ሽታ! ከተወለድኩበት ከወጣሁ ሠላሳ ዓመቴ፣ አንድም ቀን እንዲህ አልሸተተኝም።»

ጸሐፊያቸውም አሸተተና «እውነትዎን ነው፣ ዕጣን ዕጣን ይላል» አለ። ሦስተኛው ሰው የናፈቀውን የእናቱን ግቢ አነሣ። በዚያ ሁሉ መሐል ዛፉ ምንም እንዳልሸተተ የሚያውቁት እማማ ኛጉዋ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዘወር ብለው ውሃ ያጠጣሉ። ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም ማለት ይሄ ነው፤ ሰው አገሩ ከናፈቀው ከማንም ዛፍ ላይ ያሸተዋል። ብይኑ ተጻፈ። «ጥዱ በአስደሳች ሁኔታ በመላመድ ላይ ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱ ከሰው በላይ ከሆነ እንደጠና ይቆጠራል።» ከጉድጓዱ በወጣው አፈር ውስጥ ደግሞ ጨው ስለተገኘ የጋምቤላ አፈር ጨዋማነት አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ዓመት ሠራ። ያ ሁሉ ጥናት የእናቴ ጓዳ ውስጥ እንደሚጀምር በመሥሪያ ቤቱ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ መከራዬ መጣ። ሸውሸዌው ማደግ ጀመረ። አገሩ ተመችቶት ሳምንት በሳምንት ይረዝማል፣ ቅጠሉን እያፍነሸነሸ ይስቅብኛል። ጨው ጨመርኩበት፤ ጨምሮ አደገ። ሁለት ኩባያ አደረግሁ፤ ትከሻዬ ደረሰ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሸውሸዌ በባሕር ዳርቻ ላይ በጨው ውሃ የሚኖር ዛፍ መሆኑን ስማር፣ መምህሩ ፊት ራሴን ይዤ ሳቅሁ።

አንድ እሑድ ማለዳ አባቴ ሹራቡን እንደለበሰ መቀስ ይዞ ሲወጣ ተከተልኩት። አጥሩን አልፎ ገባ። ጩዎል ለቁርጥራጩ ጆንያ ያዘለት። አባቴ የዛፉን አናት ቆረጠ፣ የጎኑን ከረከመ፣ ራቅ ብሎ ዐየና እንደገና አንድ ክንድ ያህል ቆረጠ። ዞር ሲል አገኘኝ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ለውበት ነው፣ ኮከቤ» አለኝ። ዛፍ ሲቆረጥ ይበልጥ ይበረታል ሲል ስንቴ ሰምቼዋለሁ! አባቴ ወደ ደጋ ሊያፈጥነን እየደከመ መሰለኝ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በየእሑዱ ይቆርጥ ነበር። በየዓመቱም ገምጋሚዎች መጥተው፣ አሽትተው፣ አልቅሰው፣ «በመላመድ ላይ» ብለው ይሄዱ ነበር። ሦስት ኃላፊዎች ተቀያየሩ። ጥዱ ከሰው ቁመት በላይ ሳይሆን እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ።

የልጅነት ሒሳቤ እንዲህ ተዘጋ። ጨዉ እውነተኛውን ጥድ ገድሎታል፤ የተተካው ሸውሸዌ አልጠናም፤ አባቴም ደጋውን አጥቷል። እኔም ሮጬ አድጌያለሁ። በዚህ ሒሳብ ስኖር አባቴ «ብርዱ ናፈቀኝ» ባለ ቁጥር ያ የጨው ኩባያ ፊቴ ይደቀን ነበር።

አሁን የምሠራው እዚያው ጋምቤላ፣ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ በውሃ አቅርቦት ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእናቴ ጋር ደብረ ብርሃን ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ወር ላይ እጠይቃቸዋለሁ። አባቴ ሌላ ነገር አይለምነኝም፤ «አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ችግኝ ይዘሽልኝ ነይ» ነው የሚለኝ። የድሬዳዋ ዛፍ አበባው እሳት የመሰለ፣ ጋምቤላ በየመንገዱ የሚያምር የጌጥ ዛፍ ነው። እኔም ምን ቸገረኝ፣ በአውቶቡስ ታቅፌው እወጣለሁ። አምናና ካቻምና አንድ አንድ አምጥቻለሁ፤ ዘንድሮም ሦስተኛውን ይዤ መጣሁ።

ዘንድሮ በሁለተኛው ቀን ብርዱ ደረቴን ያዘኝ። እናቴ መስኮቱን ዘጋች፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ልታፈላ ገባች። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ የምሞት መሰለኝና ሳልናዘዝ መሄድ ፈራሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጥዱን የገደልኩት እኔ ነኝ። በጨው።»

አባቴ ቀና ብሎ ዐየኝ።

«የትኛውን?» አለ።

«ጥዱን ነዋ! የክብር እንግዳውን!»

«እሱ እኮ በሦስተኛ ሳምንቱ ሞተ። ሁለተኛው ግንቦትን አላለፈም። ሦስተኛው፣ አራተኛው…» በጣቱ ቆጠረ። «በጨው ከሆነ ስድስተኛው ነው። አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ የአፈር ጨዋማነት ብዬ ሪፖርት ጽፌበት! ኮሚቴ አቋቁሜበት!» ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ከሳሉ ወደ ሳቅ ተመለሰ። እናቴ ከጓዳ ድስቱን ይዛ ወጣች።

«በጆንያ የምታመጣው…»

«ጥድ ነበር። ከጎሬ። ቁመቱ እኩል የሆነውን እየመረጥኩ።»

«ለምን? ጥዱ ሞተ ብለህ ብትናገር ይለቁህ አልነበረም እንዴ?»

«ይለቁኝ ነበር» አለ አባቴ። «እሱን ነው የፈራሁት። የመጀመሪያው የደረቀ ጊዜ ለኃላፊው ‹ያለ እኔ ይሞታል› ያልኳቸው፣ አስቀድሜ ሌላ ተክዬ ነው። ከሞተ እወጣለሁ፣ ካደገም እወጣለሁ። እንዳይሞትም እንዳያድግም ማድረግ ነበረብኝ። እስቲ አንድ ባለሙያ ጥሪ ብትባይ፣ ይሄን የሚችል ማን ታገኛለሽ?»

እናቴ ድስቱን ፊቴ አስቀመጠችና ጋቢውን ራሴ ላይ ጣለችብኝ። ከጋቢው ውጭ ድምፅዋን ሰማሁ። «ከአራት ዓመትሽ ጀምሮ በየክረምቱ ሆስፒታል ነበርን። አንድ ሌሊት ጨርሶ ጠፍተሽብን ነበር። ሐኪሙ ‹ሞቃት አገር ውሰዷት› አለን። አባትሽ ራሱ ነው ለምኖ የወረደው። ባሮ ደርሰሽ ሮጠሽ የተመለስሽ ዕለት በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ትዝ ይልሽ ይሆን?»

ትዝ ይለኛል። ያፈረችብኝ መስሎኝ ወደ ጓሮ ሾልኬያለሁ።

«ታዲያ እውነቱን ለመሥሪያ ቤቱ አትነግራቸውም ነበር?» አልኩ ከእንፋሎቱ ውስጥ።

«ነገርኳቸው» አለ አባቴ። «ልጄ አስም አለባት፣ እዚሁ ልቅር አልኩ። በሕመም ምክንያት ከቆላ ለመውጣት ቅጽ አለ፤ በሕመም ምክንያት ቆላ ለመቅረት ቅጽ የለም። ደግሞስ ማን ያምናል? የደብረ ብርሃን ሰው ጋምቤላ ልቅር ካለ፣ ዲማ ወረዳ ውስጥ በድብቅ ወርቅ ያስቆፍራል ነው የሚሉት። ስለዚህ ሰው ፊት ‹አሰረኝ› ማለት ነበረብኝ።»

«ብርዱ ናፈቀኝ ስትል የነበረውም ውሸት ነው?»

የመለሰችው እናቴ ናት። «እሱማ እውነቱን ነው» አለች። «እሱ ብቻ ነበር እውነት።»

ጋቢው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። አሥር ዓመት ሙሉ ንጋት ላይ በረንዳ ተቀምጦ፣ ሹራብ ለብሶ፣ ፀሐይ እንዳትወጣ የሚለምን ሰው ፊቴ መጣ። እኔ ደግሞ በጨው ኩባያ ድካሙን ላፈርስበት ስዳክር ነበር። ያ ስድስተኛው ጥድ ሞቶ ቢታወቅና እማማ ኛጉዋ ያን ሸውሸዌ ባያመጡ፣ እኔ በገዛ እጄ ራሴን ወደዚህ ክፍል እመልሰው ነበር።

ትንፋሼ ሲረጋ አባቴ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀመጠው። «ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ቆላሽ ውረጂ» አለ። «ሁለት ቀን ይበቃል።»

ከመተኛቴ በፊት ችግኙን የት እንደተከለው ልይ ብዬ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ጓሮ ወጣሁ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ውርጩ ሊወርድ ሲል የሚመጣው ብርድ አፈሩን ያዝ አድርጎታል። ከግንቡ ሥር ትናንት ያመጣሁት የድሬዳዋ ዛፍ ቆሟል፤ አባቴ የድሮ ሹራቡን አልብሶታል፣ እጅጌዎቹን ከፊት ለፊት አስሮለታል። ከሱ ሌላ ግቢው ውስጥ የጋምቤላ ዛፍ የለም። ሁለት ቦታ ላይ አፈሩ ተቆፍሮ የተመለሰ መሆኑ ይታያል።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«አባዬ፣ አምና ያመጣሁልህስ?» አልኩት። «የካቻምናውስ የት አለ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ ገምጋሚ ቡድን ፊት የሚቆምበትን ቁመት ቆሞ፣ «በመላመድ ላይ ናቸው» አለ። «ለመጪው ጥር ግን አንድ ይዘሽ ነይ።»